በ«ሩ» የሚጀምር የጃፓን ዘፈን ስንት ታውቃላችሁ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ፊደል እንቅልፍ ብትነሳኝ ነው። እስካሁን 35 መልስ ደርሶታል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻ ጽሑፌ የሚነሣው ከአንድ ምሽት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች የዓመቱን መጨረሻ እራት በልተን ካራኦኬ ቤት ሄድን። ክፍል እስኪለቀቅልን መተላለፊያው ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ሺሪቶሪ ጀመርን። ሺሪቶሪ «ጭራ መያዝ» እንደ ማለት ነው፤ ጃፓን ውስጥ አፉን የፈታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ቃል ይጠራል፣ ቀጣዩ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ይዞ ሌላ ቃል ይጀምራል። እኔ «ሳኩራ» ካልኩ ጎረቤቴ በ«ራ» ተነሥቶ «ራኩዳ» ይላል፣ ግመል ማለቱ ነው፤ «ዳ» ደግሞ ለቀጣዩ ይተርፋል። በ«ን» የሚያልቅ ቃል የጠራ ሰው እዚያው ተሸነፈ፤ በ«ን» የሚጀምር የጃፓንኛ ቃል የለምና። በዚያ ምሽት ግን ጨዋታው በዘፈን ርዕስ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ከጎኔ የነበረችው ወጣት «ዮሩ ኒ ካኬሩ» አለች፤ ዮአሶቢ በ2019 መጨረሻ ያወጣው፣ በየሱቁ የምንሰማው ዘፈን ነው። «ሩ» እኔ ላይ ወደቀች። ባኩፉ ስላምፕ የተባለው ባንድ በ1988 ያወጣውን የሯጩን ዘፈን ጠራሁ፤ ርዕሱ ስክሪን ላይ በላቲን ፊደል ሲወጣ አውቀዋለሁ፣ ሲያዩት «ሩ» ይመስላል። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃፓኖች «ራንና» ብለው ነው የሚያነቡት፤ በ«ራ» ይጀምራል። ተራዬ አለፈ።

ቶኪዮ ውስጥ ወዳለችው ካትሱሺካ በባቡር ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አንድ ዘፈን ብቻ ትዝ አለኝ፤ የቴራኦ አኪራ «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»፣ የሩቢ ቀለበት። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቴን ስገልጥ የ«ሩ» ክፍል ገና ሳይጀመር አለቀ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የጥንቱ ጃፓንኛ ቃሉን በራ፣ ሪ፣ ሩ፣ ሬ፣ ሮ አይጀምርም ነበር። ዛሬ በእነዚህ ፊደላት የሚጀምሩት ቃላት ከጥቂቶቹ በቀር ከቻይና ወይም ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፤ ከላይ የጠራኋት ራኩዳ እንኳ የቻይና ቃል ናት። እናም አቋሜን ሳልሸፋፍን ጻፍኩ፦ በ«ሩ» የሚጀምር የጃፓን ዘፈን ሁሉ በሩን የሚከፍትለት እንግዳ ቃል ነው። የምታውቁትን አምጡ፣ ከተሳሳትኩም አስረዱኝ አልኩ። መመዘኛዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ርዕሱ በጃፓን አፍ ሲነበብ በ«ሩ» መጀመር አለበት።

መልስ 1 የመጣው በዚያው ሌሊት ነው። ጸሐፊዋ ሰላምታዋን አስቀድማ «ሩጁ ኖ ደንጎን»ን አቀረበች፤ የሊፕስቲክ መልእክት ማለት ነው። አራይ ዩሚ በ1975 ያወጣችው ሲሆን ዘፋኟ በዓመቱ አግብታ ማትሱቶያ ዩሚ ሆናለች። በዘፈኑ ውስጥ የወንዷ ልብ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ያወቀች ሴት የመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ላይ በሊፕስቲክ መልእክት ትታ፣ ለእናቱ ልትነግርበት ባቡር ትሳፈራለች። የመልስ 1 ጸሐፊ ዘፈኑን ያወቀችው ከልጆቿ ጋር ነው። ሚያዛኪ በ1989 በሠራው የትንሿ ጠንቋይ ፊልም መጀመሪያ ላይ ልጅቷ መጥረጊያዋ ላይ ተቀምጣ ሬዲዮዋን ስትከፍት የሚሰማው ይኸው ዘፈን ነው። ሩጅ የፈረንሳይ ቃል ስለሆነ ግምቴን እንደሚደግፍም ጠቆመችኝ።

መልስ 2ን የጻፉት በ1980 ለትምህርት ጃፓን እንደገቡ የሚናገሩ አባት ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው፣ የሩቢ ቀለበትን በስም ብቻ ጠርቼ ማለፌ እንዳልጣማቸው በጨዋ ቋንቋ ነገሩኝ። ልክ ናቸው፤ እንዲያ የሚታለፍ ዘፈን አይደለም። በ1981 መጀመሪያ ወጥቶ «ዘ ቤስት ቴን» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ 12 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኗል፤ የዚያን ዓመት የጃፓን ሬኮርድ ሽልማትም የእሱ ነው። ቴራኦ የታወቀ ተዋናይ ሲሆን ዜማውን የደረሰው ራሱ ነው፤ ግጥሙ የማትሱሞቶ ታካሺ ነው። ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ሰውየው ግን ዛሬም መንገድ ላይ ቤዥ ካፖርት ባየ ቁጥር ዓይኑ ጣት ላይ ሩቢ ይፈልጋል። አባታችን በዚያ ዓመት ቋንቋው ገና ስላልገባቸው ከሚሰሙት ዘፈን ቃል በቃል ይለቅሙ ነበር፤ «ዩቢ» ጣት፣ «ዋ» ክብ ነገር መሆኑን ያወቁት ከዚህ ርዕስ ነው። ቤዥ ካፖርቱን የተረዱት ግን ከዓመታት በኋላ፣ የራሳቸው የሚፈለግ ሰው ሲኖራቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ከዚያ በላይ አላብራሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

በመልስ 3 ላይ አዲስ አበባ ሆኖ ጃፓንኛ የሚማር ልጅ ደስ ብሎት ገባ። ጋሼ ብሎኝ የሯጩን ዘፈን ደግሞ ጠራ፤ የኤክስ ጃፓንን የ1994 የዛገ ምስማር ዘፈን ጨመረ፣ የ1981ዱን ቀንዳሟን የካርቱን ልጅ ዘፈንም አስከተለ። ሁሉንም የወሰደው በላቲን ከተጻፈ ዝርዝር እንደነበር ያስታውቃል። መልስ 4 በደቂቃዎች ውስጥ ደርሶ አንድ በአንድ ጣላቸው። የሯጩ «ራ» መሆኑ ከመክፈቻው ጽሑፍ ግልጽ ነበር፤ የዛገው ምስማርም በጃፓን አፍ «ራሱቲ» ነው፤ ቀንዳሟ ልጅ ውጭ አገር ሉም ብትባልም ስሟ ጃፓኖች የውጭ ቃል በሚጽፉበት ፊደል፣ በካታካና፣ የተጻፈው ራሙ ተብሎ ነው። እስከዚህ ድረስ አንዲት ስሕተት የለበትም። ቀጥሎ ግን ካታካና ማንበብ ያልቻለ ሰው እዚህ ባይጽፍ ይሻላል ብሎ ደመደመ፤ ይህን ሳነብ ተናደድኩ።

መልስ 5 ከእኔ ቀድሞ ተነሣለት። ማንኛችንም ከሀ ሁ ጀምረን ነው፣ ዕውቀት ያለው ሰው ሳይሰድብ ማረም ይችላል ብሎ ገሠጸው፤ ለልጁም አንድ ጠቃሚ ነገር አስረዳው። እኛ ለ እና ረ አሉን፤ ጃፓኖች ግን ለሁለቱም ያላቸው አንድ ተርታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ሉ ሁሉ ሩ ይሆናል። ለጨዋታው መልካም ዜና ነው፤ ገጹ በእጥፍ ይሰፋል።

ልጁ አልተቀየመም። በመልስ 6 ስሕተቱን አምኖ፣ የተነገረውን ይዞ ሁለት ትክክለኛ ርዕሶች አመጣ። አንዱ ኤሺያን ኩንግፉ ጀኔሬሽን በ2004 ያወጣው «ሩፑ አንድ ሩፑ» ነው፣ በላቲን ሲጻፍ በእኛ ሉ ይጀምራል። ሌላው የሳካናክሾን «ሩኪ» ነው፤ ጀማሪ ማለት ሲሆን የ2011 ዘፈን ነው። ለእሱ የሚስማማ ርዕስ መሆኑን ግን ማንም ሳይናገረው አለፈ።

ከ7 እስከ 9 ያሉት መልሶች በሩፓን ተጠመዱ። ሩፓን ሦስተኛው የተባለው የሌባ ካርቱን መታወቂያ ዜማ የኦኖ ዩጂ ሥራ ነው። የ7ኛው ጸሐፊ በ«ሩ» ከሚጀምሩት ሁሉ የታወቀው ይህ ነው አለ። 8ኛው ግጥም የሌለው ሙዚቃ ዘፈን አይባልም ብሎ ተቃወመ። 9ኛው በ1978 ፒት ማክ ጁኒየር በግጥም የዘፈነው ቅጂ እንዳለ አስታውሶ ክርክሩን ዘጋው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ሩፓን የፈረንሳዊው ደራሲ የለብላን ሌባ የአርሴን ሉፐን የልጅ ልጅ ተደርጎ የተፈጠረ ነው። ሉ እንደገና ሩ ሆነ፣ ፈረንሳይም እንደገና በሩን ከፈተች።

መልስ 10 እምነቴን ሊያፈርስ መጣ። «ሩሪኢሮ ኖ ቺክዩ» ማትሱዳ ሴኮ በ1986 የዘፈነችው ነው፤ ሩሪ ቀለም ያላት ምድር ማለት ነው። ሩሪ ጥልቅ ሰማያዊው የከበረ ድንጋይ ሲሆን ቃሉ ከጥንት የቡድሃ መጻሕፍት ጀምሮ ጃፓን ውስጥ የኖረ ነው። በካታካና የሚጻፍ የትናንት እንግዳ አይደለም፣ ታዲያ የአንተ እንግዳ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ 11 በእርጋታ መለሰለት። ሩሪ ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው፤ ከሳንስክሪቱ ቫይዱርያ ተነሥቶ በቻይና ጽሑፍ በኩል ጃፓን ገባ። በአንድ ሺህ ዓመት የሚቆጠር ቆይታ ባለቤት አድርጎት ይሆናል፣ የመጣው ግን ከውጭ ነው። በመልስ 12 ደግሞ አንዲት እናት ልጇ በጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትመረቅ የክፍሏ ተማሪዎች ይህን ዘፈን በኅብረት ሲዘምሩ እንደሰማችው ጻፈች። አዳራሹ ውስጥ ብቸኛዋ ሐበሻ እሷ ነበረች። ልጇ ከልጆቹ መሐል ቆማ በጃፓንኛ ስትዘምር የግጥሙን ግማሽ ብቻ ተረድታ እንዳለቀሰች፣ ግማሹን ማታ ልጇ እንዳስረዳቻት ነገረችን።

መልስ 13 የእኔ ነው። ሁለቱን ዘፈኖች ጎን ለጎን ሳደርግ ያስተዋልኩትን ለመጻፍ ቸኩዬ ነበር። የሩቢ ቀለበትም ሩሪ ቀለም ያላት ምድርም ግጥማቸው የአንድ ሰው ነው፣ የማትሱሞቶ ታካሺ። በዚያ ሁሉ ቀጭን ገጽ ውስጥ ይኸው ሰው ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለቱንም ጊዜ የከበረ ድንጋይ ይዞ ወጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀዩ ጣት ላይ የሚፈለግ ትንሽ ነገር ነው፣ ሰማያዊው መላዋ ምድር ናት። አስቦበት ይሁን አይሁን ልናገር አልችልም፣ ሆኖም ለእኔ ከክሩ ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ባይጠይቁኝም ደጋግሜ የማወራው ስለዚህ ነው።

መልስ 14 ወደ ድሮ ወሰደን። የኡኤሃራ ቢን «ሩቴን» የ1937 ዘፈን ነው፤ ተንከራታች፣ ተለዋዋጭ ሕይወት ማለት ነው። «ሩሮ ኖ ታሚ»ም አለ፣ ስደተኛ ሕዝብ እንደ ማለት፣ የጃፓን መዘምራን ደጋግመው የሚዘምሩት። የሁለቱም መጀመሪያ አንድ የቻይና ምልክት ነው፤ ትርጉሙ ፈሳሽ ነው። ምልክቱ ዛሬ በብዛት «ርዩ» ተብሎ ይነበባል፤ «ሩ» የሚለው ንባብ ቀድሞ ከቡድሃ ትምህርት ጋር የገባው ነው። ይህ ጸሐፊ በአንድ አንቀጽ ያስተማረኝን እኔ በዓመታት ትምህርት አልሰማሁትም።

15ኛው መልስ ሁለተኛው ዘፈን ከዝርዝሩ ይውጣ አለ፤ ዜማው የጀርመናዊው የሹማን ስለሆነ የጃፓን ዘፈን አይባልም። 16ኛው ቱግ ብሎ ገባ። ቃሉ ከውጭ መጣ እያላችሁ ስታጨበጭቡ ቆይታችሁ ዜማው ከውጭ ሲመጣ በር ትዘጋላችሁ፣ ወይ ሁሉንም ጣሉ ወይ ሁሉንም ተቀበሉ የሚል ነበር። አነጋገሩ ቢያቆስልም ነጥቡ ትክክል ነው፤ ዘፈኑ ከዝርዝሩ አልወጣም። በ17 የመልስ 2 አባት ተመልሰው ድሮ ኤንካ የሚባለውን የጃፓን የትካዜ ዘፈን በሰሙ ቁጥር ትዝታ የሚዘፈን እየመሰላቸው ልባቸው ይሸበር እንደነበር አስታወሱ። 18ኛው ምክንያቱን አስረዳ። ዮናኑኪ የሚባለው የጃፓኖች ቅኝት ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን ይዘላል፣ የሚቀሩት አምስቱ ደግሞ ከትዝታ ቅኝት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው፤ በዋናውም በግማሽ ዝቅ ባለውም። አዘፋፈኑ ግን ለየብቻ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ስለዚህ ነገር ሌላ ክር ቢከፈት ደስ ይለኛል።

መልስ 19 ደግሞ በእውነት ነቀነቀኝ። ሁለት ቃላት አቀረበ። አንደኛው «ሩትሱቦ» ነው፣ ብረት የሚቀልጥበት ሸክላ፤ አመጣጡ ቢያከራክርም «ትሱቦ»፣ ማለትም እንስራው፣ የአገሬው ቃል ነው። ሁለተኛው «ሩንሩን» ነው፣ ደስታ የሚያስፈነድቀው ሰው ሁኔታ። ከየትም አልመጣም፤ እኛ ቦግ፣ ሽው፣ ዱብ እንደምንለው ከስሜት የወጣ ድምፅ ነው። መጻፍህ ጥሩ፣ «ሁሉ» የምትለውን ቃል ግን አውጣ አለኝ። በ20 አወጣኋት። ጽሑፉን አስተካክዬ «አብዛኛው» አልኩ። አንድ ነገር ግን አብሬ አነሣሁ፤ ሩንሩን በ«ን» ስለሚያልቅ የጠራው ሰው ይሸነፋል።

መልስ 21 ጥያቄዬን ከሌላው ጫፍ ያዘው፤ እስከዚያ ድረስ ማናችንም ያላየነው ጫፍ ነው። ችግሩ በ«ሩ» የሚጀምር ማነሱ ብቻ አይደለም፣ በ«ሩ» የሚያልቅ መብዛቱም ነው። የጃፓን ግሦች መዝገበ ቃላት ላይ ሲቀመጡ እልፍ የሆኑት በ«ሩ» ያልቃሉ። በተለመደው ሺሪቶሪ የሚፈቀደው ስም ብቻ ስለሆነ ግሦች ይቀራሉ፤ የዘፈን ርዕስ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔን የጣለችኝ «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ራሷ በግሥ ነው የምታልቀው። ከውጭ የመጣው ቃልም መጨረሻው ል ወይም ር ከሆነ ብዙ ጊዜ «ሩ» ይጨመርበታል፤ ሆቴል «ሆተሩ»፣ ቢራ «ቢሩ» ይሆናል። የዮአሶቢ የ2023 ዘፈን «አይዶሩ»ም እንዲሁ ነው። ብልህ ተጫዋች ባላጋራውን ለመጣል «ሩ» ላይ «ሩ» እያከታተለ ያፈስበታል። የተለመደው መከላከያ «ሩሩ» የሚለው ቃል ነው፣ ደንብ ማለት ነው፤ በ«ሩ» ተቀብሎ በ«ሩ» ይመልሳል። ለዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጋሻ ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀ።

መልስ 22 አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጃፓን ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ጋሼም ወንድሜም ሳትል የአዶን የ2024 ዘፈን ርዕስ ጽፋ ሄደች። አዶ ፊቷን ለሕዝብ የማታሳየው ዘፋኝ ናት፣ ዘፈኑም ሁለት ፊደል ብቻ ነው፦ «ሩ»፣ «ሩ»። ገብቶ ይወጣል። ያን ምሽት ይህችን ባውቅ ኖሮ «ሩ» ከእኔ አልፋ ወደ ቀጣዩ ትሄድ ነበር።

ከ23 እስከ 27 ክሩ ከእጄ ወጣ፣ እኔም አልከለከልኩም። 23ኛው ጃፓኖችን የሚጥለው «ን» ለእኛ በረከት መሆኑን አነሣ፤ ንብ፣ ንጉሥ፣ ንጋት፣ ንፋስ እያለ ዘረዘረ። ጃፓኖች ራሳቸውም ከ«ን» ለማምለጥ የሚጠሩት የታወቀው ስም ከአፍሪካ የሄደ ነው፤ የቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና። የእኛ «ሩ»ም ቢሆን አያስቸግርም፣ ሩቅ፣ ሩጫ፣ ሩዝ፣ ሩብ አለን። 24ኛው ከሚስቱ ጋር በአማርኛ ሞክረው አንድ ክብ ውስጥ እንደገቡ ጻፈ፦ ቤት፣ ትንሣኤ፣ ኤሊ፣ ሊቅ፣ ቅቤ፣ ቤት። ከዚያ መውጣት አልቻሉም፤ ሳቁና ተኙ።

25ኛው ጥልቅ ነገር ተናገረ። የእኛ «ን» ሌላ ፊደል ናት፣ «ኛ» ናት። ፈረሰኛ፣ እውነተኛ፣ ተረኛ፣ ጃፓንኛ፣ ሁሉም በእሷ ያልቃሉ፤ በእሷ የሚጀምር ግን የለም። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ «አማርኛ» ብሎ የጠራ ሰው ተሸነፈ። 26ኛው ድመት ኛው ትላለች ብሎ ተከራከረ፤ 27ኛው የድመት ድምፅ ስም አይደለም ብሎ ጣለው። በ20 ላይ ሩንሩንን የተቀበልኩ ሰው እንደመሆኔ ድመቷን ብንቀበላት እወዳለሁ።

መልስ 28 በጣም ተቆጥቶ መጣ። ስለ ጃፓን ዘፈን ለማንበብ ገብቼ ስለ ድመት አነበብኩ፣ የአማርኛ ጨዋታ የፈለገ የራሱን ክር ይክፈት አለ። 29ኛው ማንም አስገድዶ አላስነበበህም ብሎ መለሰለት፤ ከዚያም የማልደግመው ቃል ጨመረ። አባታችን በ30 ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው ስለዚህ ነገር በአማርኛ የሚያወሩት ሰው አጥተው እንደኖሩ ነገሯቸው፤ ዛሬ በዝተን መጣላት መቻላችን ያስደስታቸዋል። ሁለቱም ዝም አሉ።

31ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ያውም በሚያምር ነገር። ከመልስ 1 የሊፕስቲክ መልእክት ሌላ «ሩጁ» ብቻ የተባለ ዘፈን አለ። ናካጂማ ሚዩኪ ለቺያኪ ናኦሚ ጽፋ በ1977 ወጣ፣ በ1979 ራሷም ዘፈነችው። በ1992 ፌይ ዎንግ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በካንቶንኛ ግጥም ዘፈነችውና ታዋቂ አደረጋት፤ ርዕሱም ተለውጦ በቀላሉ የምትጎዳ ሴት የሚል ሆነ። ለብዙ መቶ ዓመት ቃል ከቻይና ወደ ጃፓን ሲመጣ ኖሮ፣ በፈረንሳይ ቃል የተሰየመ የጃፓን ዘፈን ወደዚያው ተሻገረ። ባሕሩን ሲሻገር ግን «ሩ»ዋን ጥሎ ነው የሄደው።

32ኛው «ሩካ ሩካ ናይቶ ፊባ»ን ጨመረ። የ2009 ነው፤ ዘፋኟ ሜጉሪኔ ሩካ ሰው ሳትሆን ሳፖሮ ያለ ድርጅት የሠራት የድምፅ ሶፍትዌር ናት። 33ኛው ማሽን አይዘፍንም አለ። እኔ የርዕሱን ፊደል እንጂ የዘፋኙን ነፍስ አልጠየቅሁም፤ ተቀብያታለሁ።

በ34 የአዲስ አበባው ልጅ ተመለሰ። ሰው ያሳየውን የአንድ አሮጌ ሸክላ ልባስ ፎቶ አግኝቶ፣ ከማንም ሳይጠይቅ ካታካናውን ፊደል በፊደል እንዳነበበው ጻፈ፦ ሩ፣ ኢ፣ ጂ፣ አ፣ ን፣ ና። ካሮል የተባለው የሮክ ባንድ በ1972 የጀመረበት «ሩኢጂያንና» ነው፣ በአሜሪካዋ ግዛት በሉዊዚያና ስም የተሰየመ። ትክክል መሆኑን የጠየቀው ሁላችንንም አልነበረም፤ የመልስ 4ን ጸሐፊ ነበር።

የመልስ 4 ጸሐፊ ሁለት ቀን ቆይቶ በ35 መጣ። ስድስቱም ፊደላት ትክክል ናቸው፣ ወንድሜ አለው። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ርዕሱ በ«ና» ስላለቀ ግን የኢሩካን የ1975 «ናጎሪዩኪ» ጠራ፣ ክረምት ካለፈ በኋላ የሚዘንብ የቀረ በረዶ ማለት ነው፤ ቀጥሎም «ኪ» የልጁ ተራ ናት ብሎ ጻፈ።